አፕል አይበረዝም

ስለ አፕል ጠጅ በአርባ ምንጭና በጨንቻ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። በቤት የሚሠራው የአፕል መጠጥ ቀጭንና ለዛ ቢስ የሚሆነው ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ማሻሻል ማለት ማጠንከር ማለት ነው ይባላል። ማጠንከሪያው እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ርካሽ የመጥመቂያ ኪት ያለው ሰው ውድ ኪት ቢገዛ፣ ስኳሩን ከፍ ቢያደርግ መፍትሔ የሚያገኝ ይመስለዋል። ጠጅ በመጣል የታወቀች እናት በበኩሏ «ማር ጠብ አድርጉበት፣ ጌሾ ጨምሩበት፣ ሙቀት እንዲያገኝ ምድጃ አጠገብ አኑሩት» ትላለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው አያውቁም። ምክራቸው ግን አንድ ነው።

ሁለቱንም ወገኖች አከብራለሁ። የመጀመሪያው የሠራውን ሥራ በቁጥር ይለካል፤ ሁለተኛዋ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ሙያ አላት፤ ጠጇን የቀመሰ ሰው ሙያዋን አይጠራጠርም። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም አፕልን ማር አድርገውታል። ማር ይበረዛል። አፕል አይበረዝም። ቃላችንም ይህን ያውቃል፤ «በረዘ» ሲባል ማርን በውሃ ማቅጠን ነው፣ «ተበረዘ» ሲባል ግን ንጹሕ የነበረው ነገር ባዕድ ገብቶበት ተበላሸ ማለት ነው። በማር ላይ የመጀመሪያው ይሠራል፤ በአፕል ላይ የሚሠራው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር። «ሳይደር» ሲባል አብዛኛው የከተማ ሰው የሚታየው ክብደት ለመቀነስ በባዶ ሆድ የሚጠጣው አቼቶ ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም እሱ ነውና። አቼቶው ግን የመጠጡ መጨረሻ ነው፤ መጠጡ አየር አግኝቶ ሲኮመጥጥ የሚሆነው። እኔ የማወራው ሳይኮመጥጥ በፊት ስላለው ነው፤ ጭማቂው በእርሾ ፈልቶ፣ ጠርቶ፣ ሰውነቱን ይዞ ሲገኝ። «የአፕል ጠጅ» የሚለውን ስም የምጠቀመው ሰው ስለለመደው ነው እንጂ ስሙ ራሱ የስሕተቱ ተባባሪ ነው።

ስሕተቱ ከየት መጣ? መልሱ ያለው በተክሉ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ የጋሞ ደጋ ነው። አፕል እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በወንጌል መልእክተኞች እጅ ነው፤ ያስፋፋውም በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ የጨንቻ ገበሬ ከፍሬው ባልተናነሰ በችግኙ ይታወቃል፤ ከብዙ የአገራችን ደጋዎች ችግኝ ፍለጋ ወደዚያ ይኬዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛፉን ያመጡትና ያስፋፉት አልኮል በማይነካበት እምነት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ ምዕራብ ወይም በፈረንሳይ ኖርማንዲ ከዛፉ ጋር አብሮ የሚወረሰው የጠመቃ ሙያ ከዛፉ ጋር አልመጣም። ተክሉ መጣ፣ መጠጡ ቀረ። ክፍት የቀረውን ቦታ ደግሞ በእጃችን ያለው ዕውቀት ሞላው፤ አንድም የጠጅ ሙያ፣ አንድም በኪቱ ሳጥን ውስጥ የተጣጠፈች ወረቀት።

ስለ ወረቀቷ ልጀምር። በብዙዎቹ ርካሽ ኪቶች ውስጥ የሚገኘው ባልዲ፣ አረፋ እያስወጣ አየር የማያስገባ ትንሽ ቧንቧ፣ የእርሾ ፓኬት፣ እንደ ማር የወፈረ የአፕል ጭማቂ የያዘ ቆርቆሮ ወይም ከረጢት ነው። ወረቀቷ 1 ኪሎ ስኳር ጨምራችሁ በውሃ 23 ሊትር ያህል አድርሱት ትላለች። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ባንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ ከመቶ 1 እጅ አልኮል ይሰጣል። 1 ኪሎ ስኳር ለ23 ሊትር ሲካፈል ለያንዳንዱ ሊትር 43 ግራም ይደርሰዋል፤ ይህም ሁለት ተኩል ከመቶ ገደማ አልኮል ነው። መጠጡ በጠቅላላው 5 ከመቶ ከሆነ ግማሹ የመጣው ከአፕል አይደለም፤ ከሸንኮራ አገዳ ነው። የቀረውም ግማሽ ቢሆን ጭማቂው እንዲወፍር ተብሎ ሲተን መዓዛው አብሮ የበነነ ነው። የኪቱ ጠማቂ «ቀጭን ሆነብኝ» ሲል ያማረረው እውነቱን ነው። ግን መድኃኒት ብሎ የሚጨምረው ያንኑ ያቀጠነውን ነው። ሌላ ስኳር ይጨምራል፤ አልኮሉ ይወጣል፤ አፕሉ ደግሞ በዚያው ልክ ይሸሻል።

ባልዲው በዚህ ሁሉ ምን አጠፋ? ምንም። ፕላስቲክ ነው፣ ይታጠባል፣ ይከደናል። ቧንቧዋ የምትሠራው ሥራ ከአንድ ብር ዕቃም ይሁን ከሺህ ብር ዕቃ ያው ነው። የእርሾውም ፓኬት ቢሆን ቀኑ እስካላለፈ ድረስ የታወቀ ዘር ነው። ስለዚህ «ርካሽ ዕቃ ርካሽ መጠጥ ያወጣል» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። የኪቱ ርካሽነት ያለው በዕቃው ሳይሆን በቆርቆሮው ነው፤ ውድ ኪት መግዛት ብዙ ጊዜ ያንኑ ቆርቆሮ አጊጦ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ጠጇ እናት ልምጣ፤ የእሷ ክርክር የጠነከረ ነውና ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ማር ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ውሃው ከመቶ 20 አይሞላም። በዚህ ወፍራም ነገር ውስጥ እርሾ ሊሠራ አይችልም፤ ማር በገንቦ ዓመታት ተቀምጦ የማይፈላው ለዚህ ነው። ብርዝ የሚደረገው፣ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ የሚቀጥነው፣ እርሾው እንዲተነፍስ ነው። ውሃው በጠጅ ውስጥ ማታለያ አይደለም፤ የሥራው መጀመሪያ ነው። አፕል ግን ከዛፉ ሲወርድ ከመቶ 85 ያህሉ ውሃ ነው። ተፈጥሮ በርዛ አስረክባናለች። በደንብ የበሰለ አፕል ጭማቂው በሃይድሮሜትር፣ ማለት በጥግግት መለኪያ፣ ሲለካ 1.045 እና 1.055 መካከል ይውላል፤ ይህ ያለ አንዲት ማንኪያ ስኳር 6 ከመቶ አካባቢ አልኮል ይሰጣል። ከጠላ ከፍ፣ ከጥሩ ጠጅ ዝቅ ይላል። ቦታው እዚያ ነው፤ ለምን ጠጅ አልሆነም ብሎ መውቀስ ጠላን ለምን አረቄ አልሆንክም እንደማለት ነው።

በውሃው አብሮ የሚቀጥነው ደግሞ ስኳሩ ብቻ አይደለም። ለአፕል ጣዕም የሚሰጠው ማሊክ አሲድ ይቀጥናል፤ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ይቀጥናል፤ መዓዛው ይቀጥናል፤ ለእርሾው ምግብ የሚሆነው ናይትሮጅን ይቀጥናል። የአፕል ጭማቂ ከመነሻው ናይትሮጅን የሚያጥረው ነው። በዚያ ላይ ሲበረዝ እርሾው ይራባል፤ ሲራብ ያንን የገማ እንቁላል ሽታ ያወጣል። ሰው ደግሞ «እርሾው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላል! ስኳር ከእነዚህ ሁሉ አልኮሉን ብቻ ነው የሚተካው።

ስለ ሙቀት የሚባለው ደግሞ ለኔ የታወቀ ነገር ነው፤ ተቃጥዬበታለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። ወረቀቷ «ሞቅ ያለ ቦታ» ስትል ቃሉን በቁሙ ወሰድኩት፤ ጀሪካኑን ከማድቤቱ ግድግዳ አስጠጋሁት። በሁለተኛው ቀን አረፋው ክዳኑን ገፍቶ ወጣ፤ ቤቱ አፕል አፕል ሸተተ፤ ጎረቤት ሳይቀር «ምን እያፈላህ ነው?» አለ። ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ጸጥ አለ፤ ቀድቼ ስቀምሰው ጉሮሮ የሚፍቅ፣ ከቀለም ማቅጠኛ የሚቀርብ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የገባኝ ከቆየሁ በኋላ ነው። ቤቱን የሞላው መዓዛ ከጀሪካኑ የወጣ መዓዛ ነበር፤ ወጥቶ የማይመለስ። (ጀሪካኑ ቀድሞ የምግብ ዘይት የነበረበት መሆኑንም ልናዘዝ፤ ያ ግን የሙቀቱ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው።)

«ሞቅ ያለ ቦታ» የሚለው ምክር የተጻፈው ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ላለ ቤት ነው። እዚያ ሞቅ ያለ ማለት 20 ዲግሪ ማለት ነው። አርባ ምንጭ በ1,285 ሜትር ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከቀትር በኋላ 30 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እርሾ በዚህ ሙቀት ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ከባድ አልኮሎችን አብዝቶ ያወጣል፤ የሚያመልጠው ጋዝ መዓዛውን ጠርጎ ይወስዳል። ለአፕል የሚስማማው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ነው። ይህን ሙቀት ለማግኘት ፈረንጅ ማቀዝቀዣ ይገዛል። እኛ መኪና መሳፈር ይበቃናል፤ አየሩ በ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በ9 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። አፕሉ ያለው እዚያው፣ ቅዝቃዜውም ያለው እዚያው ሆኖ ሳለ ፍሬውን ቆላ አውርዶ ማፍላት ምን ይባላል?

ወደ ደጋ መውጣት ለማይችል ሰው መላ አለ። ጀሪካኑን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል፣ ጆንያውን ማታና ጠዋት ማርጠብ፣ ከመሬት አለማንሳት። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ስልት ነው፤ አዲስ ነገር አልተናገርኩም።

ለመሆኑ የጠጅ ሙያ አርአያ ካልሆነን የማን ሙያ ይሁነን? እዚህ ላይ ነው ጋሞዎች ራሳቸው አጠገባቸው ያለውን ያላዩት ብዬ የምደፍረው። መልሱ ያለው በማር ገንቦ ውስጥ ሳይሆን በቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚያው በጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ውስጥ፣ ከዝሆን ራስ የሚመሳሰለውን የቀርከሃ ቤት ዞር ብላችሁ ጓሮውን ብታዩ እንሰቱ መካከል ጉድጓድ አለ። ሴቶቹ እንሰቱን ፍቀው፣ አሚቾውን ደቁሰው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይቀብሩታል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ቀዝቃዛ ነው። አየር የለውም። ውሃ አይጨመርበትም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቀመጣል፤ ደጋው በቀዘቀዘ መጠን ቀኑ ይረዝማል። ደግሞም ማንም የዶርዜ ሴት «ቆጮዬ ዘገየ» ብላ ጉድጓዱ ላይ እሳት አታነድም። ለጥሩ አፕል መጠጥ የሚያስፈልጉት አራቱ ነገሮች እነዚሁ ናቸው፤ ቅዝቃዜ፣ የአየር አለመኖር፣ አለመበረዝ፣ ትዕግሥት።

ንጽጽሩን ከልኩ አላሳልፈውም። ቆጮ በየጊዜው ተከፍቶ ይታሻል፤ አፕል ግን ከአምቡላው ተለይቶ ከተከደነ በኋላ መነካት የለበትም። በቆጮ ውስጥ ዋና ሠራተኞቹ ላክቲክ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በአፕል ውስጥ እርሾው ይቀድማል፣ ባክቴሪያው በኋላ ይመጣል። ግን እሱም ይመጣል! ዋናው መፍላት አልቆ መጠጡ ሳምንታት ሲቀመጥ፣ እነዚሁ የላክቲክ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች ሹሉን ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ የሚያፏጭ የነበረው በሦስተኛው ወር የለሰለሰው ለዚህ ነው። ወረቀቷ በሦስት ሳምንት ጠጡት ስትል ይህ ሥራ ሳይጀመር ጠጡት ማለቷ ነው። ጠጅም በሳምንታት ይጠጣልና ሁለቱም ወገኖች እዚህም ላይ ተስማምተዋል።

ስለ አየሩ ግን አጭር ነገር ልበል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያሳየው ነገር ኮምጣጤ የሚሠራው አየር በሚፈልግ ረቂቅ ሕይወት መሆኑን ነው። ስለዚህ የፈላው የአፕል ጠጅ ከአምቡላው ተለይቶ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ እስከ አንገቱ መሞላት አለበት። ግማሽ ባዶ ጀሪካን የአቼቶ ፋብሪካ ነው። ቧንቧ ለሌለው ሰው ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ጎማ ከክዳኑ አውጥቶ ጫፉን ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ መንከር ያው ሥራ ይሠራል።

አሁን ጠጇ እናት እውነት ያላትን ቦታ ልመስክር፤ ካልመሰከርኩ ምላሼ ፍርደ ገምድል ይሆናል። «ጌሾ ይጎድለዋል» ስትል አንድ ነገር መጉደሉን በትክክል ቀምሳለች። የጎደለውን ነገር ስም ነው የሳተችው። በእንግሊዝ ብሪስቶል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1903 የተቋቋመው የሎንግ አሽተን የምርምር ጣቢያ የአፕል ዓይነቶችን በሁለት መለኪያ ለአራት ከፍሏቸዋል፦ አሲዳቸው ከመቶ 0.45 በላይ ነው ወይስ በታች፤ ታኒናቸው ከመቶ 0.2 በላይ ነው ወይስ በታች። ለመጠጥ ተብለው የሚተከሉት ብዙዎቹ ታኒናቸው ከፍ ያለ፣ ጥሬአቸውን የማይበሉ ናቸው። በእኛ ደጋ ያሉት ግን ለአፍ የተመረጡ ናቸው። በእስራኤል የተዳቀለችው አና፣ በባሃማስ የተገኘችው ዶርሴት ጎልደን ወደ ሞቃት አገር ደጋዎች የተሰራጩት ረጅም ብርድ ሳይፈልጉ ስለሚያፈሩና ስለሚጣፍጡ ነው። ታኒናቸው ጥቂት ነው። የአፕል ጠጃችን ምላስ ላይ ሳይቆም የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ጌሾ ይህን ክፍተት ይሞላል? የጌሾ ሙያ ማምረር ነው፤ የታኒን ሙያ ማኮማተር ነው። ልዩነቱን ለማየት የጌሾ ቅጠል አኝኩና ምሬቱ ከጉሮሮ በር ላይ ሲቀመጥ አስተውሉ፤ ቀጥሎ ስኳር የሌለው የጠቆረ ሻይ ተጎንጩና ድዳችሁና ምላሳችሁ እንዴት እንደሚደርቅ ተመልከቱ። አፕል የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ማር ጣፋጭ ስለሆነ ምሬት ይሸከማል፤ እስከ መጨረሻው የፈላ አፕል ስኳር ስላልቀረበት ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ለ5 ሊትር ጭማቂ አንድ ስኒ የጠቆረ ሻይ፤ የውሽውሽ ሻይ ቅጠል ይበቃል። አሲድ ቢያንስ ደግሞ ሎሚ ከመጭመቅ በፊት ከጎምዛዛ አፕል፣ ለምሳሌ ከግራኒ ስሚዝ፣ አንድ ሦስተኛ መቀላቀል ይሻላል፤ የሎሚው አሲድ በባክቴሪያ እጅ ሲገባ ወደ ኮምጣጤነት ማዘንበል ያውቃል። የተለያዩ ዓይነቶችን መቀላቀል ከማንኛውም ውድ እርሾ የበለጠ ያሻሽላል። ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ማርም ቢሆን በአፕል ላይ ነውር አይደለም። ውሃ ሳይገባ ማር በአፕል ጭማቂ ቢበረዝ በእንግሊዝኛ ሳይዘር የሚባለው መጠጥ ይወጣል፤ እሱ ራሱን የቻለ ክቡር ነገር ነው። ያኔ ግን በእርግጥ ጠጅ ነው፣ በስሙ ይጠራ፤ የአፕሉን ድክመት መሸፈኛ አይደረግ።

ስለ ሌላው ጉዳይ ብዙ አልልም። የዳቦ እርሾ ይሠራል፤ ዝርያው ያው ነው፤ ጥፋቱ ከሥር አጥብቆ አለመርጋቱ ነውና ቶሎ አይጠራም። ጭማቂውን ማፍላት፣ ማለት በእሳት ማንተክተክ፣ የተቀቀለ ፍሬ ጣዕም ያመጣል፣ ፔክቲኑንም ስለሚፈታው መጠጡ ደመና ሆኖ ይቀራል። ጠባሳ ያለው፣ ትንሽ፣ በበረዶ የተመታ አፕል ግድ የለም። የበሰበሰና የሻገተ ግን ለከብትም አይሰጥ፤ ሻጋታው ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያፈራል። ጋን በወይራ የማጠን ልማዳችንም ለጠላ ያማረ ነው፤ በአፕል ላይ ጭሱ ሁሉን ይውጠዋል። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮሜትሩ 1.000 አካባቢ ወርዶ ሁለት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ነው። መለኪያው የሌለው ሰው በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይጀምር፤ ጠርሙሱ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዙን ያስተንፍስ። የመስታወት ጠርሙስ አያስጠነቅቅም፤ ይፈነዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠኝ ከባዱ መልስ የዋጋ ነው። «ስኳር በኪሎ ስንት ነው፣ አፕል በኪሎ ስንት ነው?» ይሉኛል። ትክክል ነው። በቤት ሲጨመቅ 1 ኪሎ አፕል ግማሽ ሊትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ጭማቂ ይሰጣል፤ ለ5 ሊትር ወደ 10 ኪሎ ሊሄድ ነው። ግን ይህ የጥራት ክርክር አይደለም፤ የመጠን ክርክር ነው። 23 ሊትር ቀጭን መጠጥ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ 5 ሊትር እውነተኛውን ያሠራል። ደግሞም ጨንቻ ላይ ለገበያ የማይወጣ፣ መጠኑ ያነሰ፣ ቆዳው የተጫረ ፍሬ አለ፤ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ የሚሸጠው ዓይን የሚሞላው ነው። ለመጠጥ የሚሆነው ያ የተረፈው ነው፤ ሙቀጫ ይወቅጠዋል፣ ንጹሕ የዶርዜ ሸማ ያጠልለዋል። ሸማኔና አፕል ባንድ ቀበሌ በሚገኙበት አገር የመጭመቂያ ጨርቅ ከውጭ ማዘዝ እኔን ያስቀኛል።

ቀሪው ተቃውሞ «ሰው ጠንካራ መጠጥ ነው የሚፈልገው» የሚለው ነው። ዶርዜ የሚወጣ ቱሪስት «ዮ! ዮ! ዮ!» እያለ የሚጨልጠው አረቄ አለለት፤ ጥንካሬ የፈለገ እዚያ ያገኛል። አፕልን ከአረቄ ጋር ማሽቀዳደም አፕሉን መግደል ነው።

ኪት በእጁ ያለውን ሰው አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ባልዲውን፣ ቧንቧዋንና የእርሾውን ፓኬት ያዝ። ቆርቆሮውን እንግዳ ሲመጣ በውሃ አቅጥነህ ለልጆች አጠጣ፤ ስኳሩን ለሻይ አስቀምጥ። አሥር ኪሎ የተደባለቀ አፕል ገዝተህ፣ ጨንቻ ዘመድ ካለህ እዚያው ጨምቀህ፣ ጠብታ ውሃ ሳትጨምር ክደነው። መፍላቱ ሲያልቅ እስከ አንገቱ በሚሞላ ዕቃ ገልብጠው፤ ከዚያ ሦስት ወር አትክፈተው። ስትከፍተው ጠጇን እናት ጥራና ስለ ጌሾው ሳታነሳ አንድ ብርሌ ቅዳላት፤ ፍርዱን ከእሷ እቀበላለሁ።